ሰባት ፊደል ይዞ ቃል ፍለጋ

ኒው ዮርክ ታይምስ በየቀኑ ለአንባቢዎቹ ከሚያቀርባቸው ጨዋታዎች አንዱ ስፔሊንግ ቢ ይባላል። መጀመሪያ የወጣው በጋዜጣው መጽሔት ላይ በፍራንክ ሎንጎ አዘጋጅነት ነው፤ በስልክና በኮምፒውተር የመጣው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018። ሕጉ አጭር ነው። ሰባት የእንግሊዝኛ ፊደላት በማር እንጀራ ቅርጽ ይደረደራሉ፤ አንዱ መሐል፣ ስድስቱ ዙሪያውን። ከእነዚህ ቢያንስ አራት ፊደል ያለው ቃል መመሥረት ነው። የመሐሉ ፊደል በየቃሉ መግባት አለበት፤ አንድን ፊደል ደጋግሞ መጠቀም ይፈቀዳል። ባለ አራት ፊደል ቃል 1 ነጥብ ያስገኛል፤ ከዚያ የረዘመ በፊደሉ ብዛት ልክ ይቆጠርለታል። ሰባቱንም ፊደል ያካተተ ቃል ፓንግራም ይባላል፤ ተጨማሪ 7 ነጥብ አለው።

ለምሳሌ ኤፍ፣ ኤ፣ ሲ፣ ቲ፣ ኦ፣ አር እና ዋይን እንውሰድ፤ መሐሉ ቲ ይሁን። ካሮት ይወጣል። ትራክተር ይወጣል። ሁሉንም የሚያሟላው ፋክተሪ ነው። ትራክተርም ፋክተሪም በእንግሊዝኛ ሲጻፉ ሰባት ሰባት ፊደል ናቸው፤ ትራክተር ግን አምስቱን ብቻ እየደጋገመ ስለሚሄድ 7 ነጥብ ሲያገኝ ፋክተሪ 14 ያገኛል።

ከነዚህ ፊደላት ቲን የያዙ ስንት ድርድሮች ይወጣሉ? ከጠቅላላው ድርድር ቲ የሌለበትን መቀነስ ነው። ባለ አራት ፊደል 1,105፣ ባለ አምስት 9,031፣ ባለ ስድስት 70,993፣ ባለ ሰባት 543,607። ድምሩ 624,736 ይሆናል። አንዱን በአንድ ሴኮንድ የሚፈትሽ ሰው ሳይተኛ ከሰባት ቀን በላይ ይፈጅበታል።

ኮምፒውተር ከዚህ ጣጣ የሚያመልጠው ከሌላው ጫፍ በመነሣት ነው። መዝገበ ቃላቱን ከፍቶ ባዕድ ፊደል ያለበትን ሁሉ ይጥላል፣ ቲ የሌለውንም ይጥላል፤ የተረፈው መልሱ ነው። የሰው ልጅ በሺህ የሚቆጠር ቃል ቢያውቅም እንዲህ ከዳር እስከ ዳር ገልጦ ማየት አይችልም። እኛ ዘንድ ቃል ቃልን ይጠራል፤ በድምፅ፣ በትርጉም፣ በልማድ።

ያም ሆኖ ከስድስት መቶ ሺዎቹ አብዛኞቹን ሳናስባቸው እናልፋቸዋለን። በቲ፣ ኤፍ፣ ሲ ተከታታይ የሚጀምር የእንግሊዝኛ ቃል እንደሌለ ማንም አላስተማረንም፤ ግን እናውቃለን። ክሎድ ሻነን በ1948 ባሳተመው ታላቅ ጥናቱ፣ እስከ ስምንት ፊደል የሚደርሰውን የአጎራባች ፊደላት ጥገኝነት መርምሮ፣ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ግማሽ ያህሉ በቋንቋው መዋቅር አስቀድሞ የተወሰነ እንደሆነ ገምቷል። ተጫዋቹ የሚሠራው በዚህ ግማሽ ነው። ሲ እና ቲን አንድ ላይ ይዞ ከፊትና ከኋላ ፊደል ሲሞክር አክተርም ፋክተርም ይመጡለታል። አዘጋጆቹም ይህን ስለሚያውቁ ኤስን በተለምዶ አይሰጡም፤ ኤስ ካለ ስሙ ሁሉ ብዙ ቁጥር እየሆነ ዝርዝሩ ያለ ድካም ይሞላል።

ለእኔ ከሁሉ የሚደንቀው ግን መሐል ላይ የሚያጋጥመው መቆም ነው። ያገኘናቸው ቃላት ተዘርዝረው ፊታችን አሉ፤ የቀሩትን ለማግኘት የሚረዱን ይመስለናል። ኖርማን ስላሜካ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1968 የሚከተለውን አሳየ፦ ሰዎች የቃላት ዝርዝር አጠኑ፤ ከዚያ ለከፊሎቹ ከዝርዝሩ የተወሰኑ ቃላት እንደ ፍንጭ ተሰጧቸው፣ ለሌሎቹ ምንም አልተሰጠም። ከቀሩት ቃላት ያነሰ ያስታወሱት ፍንጭ የተሰጣቸው ነበሩ። አንዱ ማብራሪያ፣ የታየው ቃል በአእምሮ ውስጥ እየጠነከረ የሌላውን መውጫ ይዘጋል የሚል ነው፤ ሌላው፣ ሰውየው በራሱ መንገድ የጀመረውን የማስታወስ ቅደም ተከተል ያፈርስበታል ይላል። ፋክተርን ያገኘ ዓይን ኤፍን ከኤ ነጥሎ ማየት ይቸግረዋል፤ ስለዚህ ፎርቲ እዚያው ተቀምጦ ይሰወረዋል።

በዙሪያው ያሉትን ፊደላት የሚያዘበራርቀው ቁልፍ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። አዲስ መረጃ አይጨምርም፤ የተጣበቀውን ጥንድ ግን ያላቅቃል። ፊደላት የሚታዩበት ቅደም ተከተል በራሱ ለውጥ እንደሚያመጣ ሜይዝነርና ትሬሰልት በ1958 በተዘበራረቁ ቃላት ፈትነው አሳይተዋል። እረፍትም ይሠራል። በ2009 የታተመ የ117 ጥናቶች ትንተና፣ አንድን ችግር ለጊዜው ትቶ መመለስ መፍትሔ እንደሚያቀርብ አረጋግጧል። ድንገት ብልጭ የሚለውን መልስ በተመለከተ ደግሞ ማርክ ቢማን፣ ጆን ኩኒዮስና ባልደረቦቻቸው በ2004 በሌላ ዓይነት የቃል እንቆቅልሽ ሰዎችን ሲፈትኑ፣ መልሱ ከመገለጡ 0.3 ሴኮንድ ያህል ቀደም ብሎ ከቀኝ ጆሮ በላይ ባለው የአንጎል ክፍል ፈጣን የኤሌክትሪክ ሞገድ መዝግበዋል።

ጨዋታው በአማርኛ ቢሠራስ? እንዳለ መገልበጥ አይቻልም። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ተነባቢና አናባቢ አንድ ላይ ስለያዘ ሰባት ፊደል ቢሰጥ የሚወጣው ቃል እጅግ ጥቂት ነው። ተነባቢው ተሰጥቶ አናባቢው ለተጫዋቹ ቢለቀቅ ግን ነገሩ ይለወጣል። ክ፣ ብ እና ር ብቻ ክብር፣ ከርቤ፣ በኩር፣ ቡራኬና ርክክብ ይሰጡናል፤ ሦስት ተነባቢ ሊደረደርባቸው ከሚችሉ ስድስት ቅደም ተከተሎች አምስቱ ሕያው ናቸው ማለት ነው። በሴማዊ ቋንቋ ቅደም ተከተል ይህን ያህል ክብደት አለው። ሐዳስ ቬላንና ራም ፍሮስት በ2007 እንግሊዝኛና ዕብራይስጥ የሚያውቁ ሰዎችን ሲፈትኑ፣ ፊደላቸው የተቀያየረ ቃላት ያሉበትን የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ሳይቸገሩ ሲያነቡ በዕብራይስጡ ግን ክፉኛ ተሰናክለዋል።

ከሰባት ተነባቢ፣ ድግግሞሽ የሌለባቸው ባለ ሦስት ድርድሮች 210 ናቸው። ከዚያ በኋላ አዘጋጁ የሚወስነው ከባድ ጥያቄ ይመጣል፦ ክብር፣ ክቡር፣ ከበረ፣ አክባሪ እያንዳንዳቸው ነጥብ ያግኙ ወይስ ሥሩ አንዴ ይቆጠር? እንግሊዝኛ ኤስን ያስቀረበት ችግር እዚህ በብዙ እጥፍ ይመጣል። እኔ ሥሩ እንዲቆጠር እመርጣለሁ፤ ያለበለዚያ አንድ ሥር ያገኘ ሰው እሱኑ ሲያረባ ይውልና ሌላ ሥር አይፈልግም።