የኮንትራት ጀልባ የሥራ ወራትና የነጋዴው ዱቤ

የጀልባ ሞተር መለዋወጫ፣ መንጠቆ፣ የናይለን ክርና የሞተር ዘይት በሚሸጥበት ሱቅ መዝገብ ላይ አንድ ነገር በየዓመቱ ሲደጋገም ይታያል። ይኸውም በጥር ወር እጅ በእጅ ከፍሎ የሚሄደው ባለጀልባ በሰኔና በሐምሌ ካንዴላ እንኳ በዱቤ የሚጠይቅ መሆኑ ነው። ነጋዴው ይህን ሲመለከት ሰውየውን እንደ አባካኝ ቈጥሮ ዱቤውን ይዘጋበታል። ነገሩ ግን ከሰውየው ጠባይ ይልቅ ከሥራው ጠባይ የመነጨ ነው። ጀልባም እንደ እርሻ የራሱ የመዝሪያና የማጨጃ ወራት አለው። ነጋዴ የገበሬውን ወራት አውቆ እንደሚያበድር ሁሉ የባለጀልባውንም ወራት አውቆ ቢያበድር ገንዘቡ አይጠፋበትም፤ ደንበኛውም አይሸሸውም። ስለዚህ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ በተለይም በቡሹሎ በኩል፣ ይህ ሥራ እንዴት እንደሚካሄድ ጥቂት ማስረዳት ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

የኮንትራት ጀልባ የሚሸጠው ምንድን ነው?

መረብ ጥሎ የሚያድር ዓሣ አስጋሪ የሚሸጠው ዓሣ ነው። ያገኘውን ወደ አሞራ ገደል ገበያ ያወርዳል፤ ካላገኘም ባዶ እጁን ይገባል። የኮንትራት ጀልባ ነጂ ግን የሚሸጠው ጊዜን ነው። ልክ እንደ ኮንትራት ታክሲ ተከራዩ ለሰዓቱ ወይም ለቀኑ ይዋዋላል፤ ዓሣ ቢይዝም ባይዝም የኪራዩን ዋጋ ይከፍላል። ለመዝናናት በዘንግና በመንጠቆ የሚያጠምድ እንግዳ የሚፈልገው የዓሣውን ሥጋ ብቻ አይደለም፤ ውሃውን የሚያውቅ ሰው፣ የማይቆም ሞተርና በሰላም መመለስን ጭምር ነው።

ይህ ንግድ በዓለም በሰፊው የሚሠራበት በባሕር ላይ ነው። ከጎረቤታችን ከኬንያ ጠረፍ ማሊንዲና ዋታሙ የተባሉት ከተሞች በዚህ ሥራ የታወቁ ናቸው። የጀልባው አዛዥ እንግዶቹን ከዳር ርቆ ወደ ጥልቁ ባሕር ይወስዳል፤ እዚያ የሚፈለጉት ታላላቅ ዓሦች ናቸው። ከተያዙትም ውስጥ ብዙዎቹ ምልክት ተደርጎባቸው ወደ ባሕሩ ይመለሳሉ። የእነዚያም ጀልባዎች ሥራ ዓመቱን ሙሉ እኩል አይሄድም። ከኅዳር እስከ መጋቢት ካስካዚ የተባለው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ሲነፍስ ሥራው ይደምቃል። ኩሲ የተባለው የደቡብ ነፋስ ተነሥቶ ባሕሩ ሲናወጥ፣ በተለይ ከግንቦት እስከ ሐምሌ፣ ብዙዎቹ ጀልባዎች ወደ ዳር ወጥተው ይጠገናሉ። ብልኅ አዛዥ በደጉ ወራት ካገኘው ላይ ለክፉው ወራት ያስቀምጣል።

በአገራችን ትልቅ ዓሣ ለሚሻ እንግዳ የታወቀው በአርባ ምንጭ አጠገብ ያለው የጫሞ ሐይቅ ነው። ነጭ ዓሣ የሚባለው ዝርያ በዚያ ይገኛል። በሐዋሳ ሐይቅ ግን ነጭ ዓሣ የለም። የኛ ሐይቅ ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ጥልቀቱም እጅግ በጠለቀበት ስፍራ 22 ሜትር ገደማ ነው። ለገበያ የሚውሉት ዋና ዋናዎቹ ዓሦች ቆሮሶ፣ አምባዛና ቢልጫ ናቸው። ለዘንግ አጥማጅ ብርቱ ትግል የሚያሳየው አምባዛ ነው፤ ከታች ወደ ጭቃው ተጠግቶ የሚኖርና ይበልጡን በጨለማ የሚንቀሳቀስ ነው። በመሆኑም የሐዋሳ ባለጀልባ በትልቅ ዓሣ ብቻ ሊነግድ አይችልም፤ ዓሣ ማጥመዱን ከጉማሬ ጉብኝት፣ ከአእዋፍ ማየትና ከሽርሽር ጋር አጣምሮ ይሸጣል።

የዓመቱ አካሄድ

ዓመቱ በመስከረም ይከፈታል። ዝናሙ እየቀነሰ ሲሄድ የእንቁጣጣሽና የመስቀል መንገደኛ ወደ ሐይቁ ይመጣል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ሰማዩ የጠራ ስለሆነ የውጭ አገር ጎብኚም የሚበዛው በዚሁ ጊዜ ነው። ታኅሣሥ 19 ቀን የሐዋሳ ቅዱስ ገብርኤል ክብረ በዓል ከሩቅ አገር ሳይቀር ብዙ ሕዝብ ያመጣል፤ ወዲያውም ልደትና ጥምቀት ይከተላሉ። ጥር ደግሞ የሰርግ ወር ነው፤ ሙሽሮችና ሚዜዎች ፎቶግራፍ ለመነሣት ጀልባ ይከራያሉ። እንግዲህ የባለጀልባው መኸር ይህ ነው።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ሰርጉና ሽርሽሩ ይቀዘቅዛል፤ የዓሣ ፈላጊው ቊጥር ግን ይጨምራል። በዚህ ጊዜ ገቢው ከኮንትራት ጀልባው ወደ መረብ ጀልባው ይዞራል። ከፋሲካ በኋላ ሰርጉ ለጥቂት ጊዜ ይመለሳል። የሲዳማ ዘመን መለወጫ የሆነው ፍቼ ጫምባላላም ከተማውን በእንግዳ ይሞላል፤ ነገር ግን ቀኑን የሚወስኑት ከዋክብትን የሚመለከቱ አያንቶዎች ስለሆኑ ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል፤ ነጋዴ ቀኑን አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ዝናም ስለሚበዛ፣ ከሐምሌ 19 ቀን የገብርኤል በዓል በስተቀር፣ ጀልባው ብዙ ቀን ታስሮ ይውላል።

ቀኑም ቢሆን ሙሉ አይደለም። ሐይቁ ጠዋት ጸጥ ይላል፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣና ማዕበሉ ለትንሽ ጀልባ አስቸጋሪ ይሆናል። ስለዚህ ለዓሣ ማጥመድ የሚሸጠው ሰዓት በአመዛኙ የጠዋቱ ነው። በቡሹሎ በኩል ያለው ባለጀልባ ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። አሞራ ገደል ገበያ ስለሆነ ጎብኚ በራሱ እግር ይመጣል፤ በቡሹሎ ግን ሥራው በቀጠሮና በቀብድ ይያዛል። ጸጥታ ለሚወድ አጥማጅ ስፍራው ይስማማል፤ ሆኖም እንግዳው ከቀረ ሌላ መንገደኛ በቶሎ አይተካም።

ነጋዴው ምን ማድረግ ይገባዋል?

አስመጪው በመጀመሪያ የሚያስመጣበትን ጊዜ ያስተካክል። ባለጀልባ ሞተሩን የሚፈታው በክረምት ነው። ስለሆነም መለዋወጫው ከግንቦት በፊት በመደርደሪያ ላይ መገኘት ይኖርበታል፤ በጥቅምት የሚደርስ ዕቃ የሚያገኘው ተጠግኖ ወደ ውሃ የገባ ሞተር ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመለዋወጫን ዋጋ ለብዙ ወራት አስቀድሞ መገመት አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ባለጀልባውም ዕቃውን አስቀድሞ ቢያዝና ቀብድ ቢከፍል ለሁለቱም ይበጃል።

ሁለተኛ፣ የዱቤው አከፋፈል ወራቱን ይከተል። ለምሳሌ አንድ ባለጀልባ የ60,000 ብር ዕቃ በዱቤ ወሰደ እንበል። በ12 ወር እኩል ቢካፈል በየወሩ 5,000 ብር ይሆናል፤ በክረምት ግን ይህን መክፈል አይችልምና ውሉን ያፈርሳል። ከዚህ ይልቅ ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት 4 ወራት 10,000 ብር፣ በቀሩት 8 ወራት ደግሞ 2,500 ብር እንዲከፍል ቢደረግ፣ ድምሩ ያው 60,000 ብር ነው። ነጋዴው ምንም አልጎደለበትም፤ ተበዳሪውም ጀልባውን ለመሸጥ አይገደድም።

ሦስተኛ፣ ባለሱቁ ላይፍ ጃኬትን ከመንጠቆው ጋር አብሮ ያቅርብ። በዚህ ሥራ የአንድ ሰው መስጠም ለዚያ ጀልባ ብቻ ሳይሆን በሐይቁ ዳር ለሚነግድ ሁሉ ኪሳራ ነው።

ዋናው ካፒታል

በመጨረሻ መዘንጋት የሌለበት የዚህ ንግድ ሁሉ ካፒታል ሐይቁ መሆኑን ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ወደ ውጭ የሚፈስ ወንዝ የለውም፤ ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ የሚወጣ የለም። በመሆኑም በውስጡ የተጣለ ቈሻሻ በአመዛኙ እዚያው ይቀራል። ቆሮሶም የምትራባው ጥልቀት በሌለው ውሃ ዳር ነው፤ እናቲቱ ዕንቁላሎቿን በአፏ ይዛ ታሳድጋለች። በዚያን ጊዜ እርሷን ማጥመድ ከነልጆቿ ማጥፋት ማለት ነው። ዐይኑ የጠበበ መረብም ያልጎለመሰውን ዓሣ ይለቅማል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቊጥር 315 ለንግድ የሚደረገውን ማስገር በፈቃድ እንዲሆን ያዘዘው ሀብቱ እንዳይጠፋ በማሰብ ነው።

ዐይነ ጠባብ መረብ የሚያስመጣ ወይም የሚሸጥ ነጋዴ ዛሬ ጥቂት ትርፍ ያገኝ ይሆናል፤ ነገር ግን ሞተር፣ ክርና ዘይት የሚገዛውን ደንበኛውን በገዛ እጁ ያደኸያል። ዋናውን ገንዘብ እየበላ ትርፍ አገኘሁ የሚል ነጋዴ የለም፤ በሐይቁም ላይ የሚሠራው ሒሳብ ከዚህ የተለየ አይደለም።