ጨረቃን መምታት ይገባልን?

(በሬዲዮ የተነገረ)



ክረምቱ አልፎ ሰማዩ በሚጠራበት ወራት በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ተራሮች የሚኖር ሰው ጨረቃን እንደ ቤተ ዘመድ ያውቃታል። በብርሃንዋ መንገድ ይሄዳል፤ በመውጣትዋም ጊዜን ይለካል። ይህች ጨረቃ በሰው እጅ በተሠራ መሣሪያ ሆን ተብሎ ተመታች ሲባል «ምን በደለች?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። የዛሬው ንግግራችን ይህንኑ ጥያቄ ይመረምራል።

የአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት ናሳ፣ ኤልክሮስ የተባለውን መንኰራኵር ሰኔ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. ወደ ጨረቃ ላከ። መስከረም 29 ቀን 2002 ዓ.ም. ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ነዳጁን የጨረሰና 2,300 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን የሮኬት ክፍል በጨረቃ ደቡባዊ ዋልታ አጠገብ ካቤዎስ በሚባለው ጐድጓዳ ስፍራ በሰከንድ 2.5 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደቀ። መንኰራኵሩም የተነሣውን ትቢያ እየመረመረ ወሬውን ወደ ምድር አስተላለፈ፤ ከ4 ደቂቃ በኋላ እርሱም ራሱ ተከሰከሰ።

ይህ ስፍራ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በጨረቃ ዋልታዎች ፀሐይ ከአድማስ ብዙ ከፍ አትልም። ስለዚህ የጥልቅ ጕድጓዶች ወለል ብርሃን ሳያይ እጅግ ረዥም ዘመን ይኖራል፤ ቅዝቃዜውም ከዜሮ በታች 230 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። እዚያ የገባ ውሃ በረዶ ሆኖ ይቀመጣል። ከዚህ በፊት ሉናር ፕሮስፔክተር የተባለው መንኰራኵር በ1990 ዓ.ም. ከሩቅ ሆኖ የሃይድሮጅን ምልክት አግኝቶ ነበር። ነገር ግን ሃይድሮጅን ሁሉ ውሃ አይደለም። በዋግ ኽምራ ደረቅ ቀበሌዎች ውሃ የሚፈልግ ሰው ይህን በሚገባ ያውቀዋል፤ ልምላሜ አይቶ ከታች ውሃ አለ ብሎ መገመት ይቻላል፤ ቍርጡን የሚያውቀው ግን መሬቱን የቈፈረ ነው።

ሥራው ገና ሳይፈጸም ከየአገሩ ተቃውሞ ተነሣ፤ ነገሩም በሦስት ይከፈላል።

የመጀመሪያዎቹ ጨረቃ ትጐዳለች፣ ከመንገድዋም ትወጣለች ብለው ፈሩ። ይህ ስጋት መሠረት የለውም። ካቤዎስ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው፣ አዲሱ ጕድጓድ የተገመተው ከ25 እስከ 30 ሜትር ብቻ ነው። ጨረቃ አየር ስለሌላት ከሕዋ የሚመጡ ድንጋዮች ሳይቃጠሉ ያለማቋረጥ ይመቷታል። የሰው መሣሪያም ቢሆን ከመስከረም 1952 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የሶቪየት ኅብረት ሉና 2 ካረፈባት ወዲህ፣ ደጋግሞ ወድቆባታል።

ሁለተኛዎቹ ስለ ገንዘቡ ተከራከሩ። 79 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት ሥራ ለተጠማ ሰው ምን ይረባል? አሉ። ኅዳር 4 ቀን 2002 ዓ.ም. ውሃ መገኘቱ ተገለጸ፤ በኋላም መሣሪያዎቹ ያዩት ተንና በረዶ 155 ኪሎ ግራም ገደማ ሆኖ ተሰላ። ውሃው ወደ ፊት ለጠፈር ተጓዦች መጠጥ፣ መተንፈሻና ነዳጅ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በዋግ ኽምራ እንስራ ተሸክማ ረዥም መንገድ ለምትጓዝ እናት አንዲት ጣሳ ውሃ አልጨመረላትም፤ ይህን መሸሸግ አይገባም። በአገራችንም ሁለት መነጽሮች ያሉት የሰማይ መመልከቻ በእንጦጦ ላይ ሲተከል ያው ጥያቄ ተነሥቷል። ከመልሶቹ አንዱ የመጣው ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን ሳተላይት ከቻይና ባስወነጨፈች ጊዜ ነው። ዓላማዋ የእርሻንና የአካባቢን ሁኔታ ከላይ ሆኖ መከታተል ነበር። የሰማይ ዕውቀት ዋጋው የሚመዘነው ወደ ምድር ይዞት በሚወርደው ጥቅም ነው።

ሦስተኛዎቹ «ጨረቃ የማን ናትና ማን ፈቀደ?» አሉ። ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። በ1959 ዓ.ም. የተፈረመው የሕዋ ውል ጨረቃን ማንም መንግሥት የግሉ እንዳያደርጋት፣ ጐጂ በሆነ ነገርም እንዳትበከል ይደነግጋል። ሆኖም ሚያዝያ 3 ቀን 2011 ዓ.ም. በሬሺት የተባለው የእስራኤል መንኰራኵር በብልሽት በጨረቃ ላይ በተከሰከሰ ጊዜ ድርቀትን የሚችሉ ጥቃቅን ፍጥረታት ጭኖ ነበር፤ ይህም ለሕዝብ የተነገረው ከወደቀ በኋላ ነው። የኤልክሮስ ሰዎች ግን ዓላማቸውን፣ ስፍራውንና ሰዓቱን አስቀድመው ለዓለም አስታወቁ፤ ያገኙትንም አሳተሙ።

እንግዲህ ልዩነቱ በመምታትና ባለመምታት ላይ ብቻ አይደለም። በጋራ መሬት ላይ ጕድጓድ የሚቈፍር ሰው አስቀድሞ ለአገር ሽማግሌዎች ያስታውቃል፤ ከሚያስፈልገው በላይ አይቈፍርም፤ ውሃ ባገኘ ጊዜም ለብቻው አይከድነውም። ለመንደር ጕድጓድ የሚሠራው ይህ ሕግ ለጨረቃም ሊሠራ ይገባዋል።