የድረ ገጽ መልክ፤ በእጅ ይጻፍ ወይስ ተዘጋጅቶ ይወሰድ?

አንድ ድረ ገጽ ጽሑፍና መልክ አለው። ጽሑፉን የሚይዘው ኤችቲኤምኤል ሲሆን፤ የፊደሉን መጠን፣ ቀለሙን፣ ኅዳጉንና የዓምዱን ስፋት የሚወስነው ሲኤስኤስ የተባለው ደንብ ነው። የዚህን ደንብ ሐሳብ በ1994 እ.ኤ.አ. ያቀረበው በጄኔቭ አጠገብ ባለው በሰርን የምርምር ተቋም ይሠራ የነበረው ኖርዌያዊው ሆኮን ዊየም ሊ ነው፤ የመጀመሪያው እትም በ1996 ጸደቀ። ታዲያ ድረ ገጽ ለመሥራት የተነሣ ተማሪ ደንቡን ሁሉ በእጁ ይጻፍን ወይስ ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁትን፣ ፍሬምወርክ የሚሉትን፣ ይውሰድ? በዚህ ጽሑፍ ለመመርመር የምንሞክረው ይህን ነው።

ከተዘጋጁት መካከል ብዙ የታወቀው ቡትስትራፕ ነው። ማርክ ኦቶና ጄኮብ ቶርንተን በትዊተር ኩባንያ ሲሠሩ አዘጋጅተው በነሐሴ 2011 ለሕዝብ ለቀቁት። ገጹን በ12 ዓምድ ይከፍለዋል፤ 12 ለ2፣ ለ3፣ ለ4ና ለ6 እኩል ይካፈላልና። ሠሪው በኤችቲኤምኤሉ ላይ የክላስ ስም ብቻ ይጽፋል፤ የቀረው ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። በዚያ ዘመን ይህ ትልቅ ችግር ያቃለለ ነገር ነበር፤ ምክንያቱም ዓምዶችን ጎን ለጎን ማቆም እጅግ አድካሚ ነበር፤ በአንዱ ብራውዘር የተስተካከለው በሌላው ይፈርስ ነበር። ነገር ግን በመጋቢት 2017 ክሮም፣ ፋየርፎክስና ሳፋሪ ግሪድ የሚባለውን የሲኤስኤስ ክፍል መቀበል ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓምድ ለማቆም ሁለት መስመር ይበቃል። ስለዚህ ፍሬምወርክ ከተወደደበት ምክንያት አንዱ፣ ምናልባትም ዋናው፣ ቀርቷል ማለት ነው።

እኔ ራሴ ለአንድ የተማሪዎች ማኅበር የመመረቂያ ጽሑፎችን ዝርዝር የሚያሳይ ገጽ ስሠራ በቡትስትራፕ ጀመርሁ። በአንድ ቀን ያማረ ገጽ ወጣ። ከዚያም ቀለሙን ለመለወጥ፣ ኅዳጉን ለማጥበብ እያልሁ የፍሬምወርኩን ትእዛዝ የሚሽር ሌላ ትእዛዝ ስደራርብ ሦስት መቶ መስመር ሞላሁ። የተሰፋ ኮት ገዝቶ እጅጌውንም አንገትጌውንም የሚፈታ ሰው ጨርቅ ገዝቶ ቢያሰፋ ይሻለው ነበር። ዋናው ፋይል ሳይታመቅ ከ200 ኪሎባይት በላይ ነው፤ ታምቆ ሲላክ እጅግ ያንሳል፤ ቢሆንም የአንባቢው ስልክ ፈትቶ ሁሉንም ማንበብ አለበት። እኔ ከእርሱ የተጠቀምሁበት ጥቂቱን ነው።

በአማርኛ ገጽ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ቡትስትራፕ የሚዘረዝራቸው የፊደል ቅርጾች ለላቲን የተመረጡ ስለሆኑ፤ ብራውዘሩ የግዕዝን ፊደል ከመሣሪያው ውስጥ ፈልጎ ያመጣል፤ በዚህም ምክንያት ገጹ ከስልክ ስልክ ይለያያል። አንዳንድ ፍሬምወርኮች የአዝራሩን ጽሑፍ በትልልቅ ፊደል በመለወጥ ያጎሉታል፤ የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ትእዛዙ ምንም አይሠራም። በአንጻሩ ሲኤስኤስ ራሱ የዝርዝርን ቁጥር በ፩ በ፪ በ፫ የሚያወጣ ትእዛዝ አለው፤ በአንድ መስመር ይጻፋል። ይህን ያወቅሁት ሁሉን ጥዬ በእጄ መጻፍ ከጀመርሁ በኋላ ነው።

ይሁን እንጂ በእጅ መጻፍ ያሳፈረኝ ጊዜም አለ። በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም የሚጠቀም አንድ ዐይነ ስውር ጓደኛችን የገጹን ማውጫ መክፈት አልቻለም። አዝራር መሆን የሚገባውን ተራ ሳጥን አድርጌው ስለነበረ በቁልፍ ሰሌዳ አይደረስበትም ነበር። በእውነቱ ይህ የሲኤስኤስ ሳይሆን የኤችቲኤምኤል ጥፋት ነው፤ ነገር ግን የቡትስትራፕን ምሳሌ ገልብጬ ቢሆን ኖሮ አዝራሩ እውነተኛ አዝራር ይሆን ነበር። ብዙ ሰዎች የፈተኑት ሥራ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ቅጽ፣ ማውጫና ብቅ የሚል ሳጥን የሚበዛበትን የመሥሪያ ቤት ገጽ ብዙ ሰዎች ተባብረው የሚሠሩት ከሆነ፤ እኔም ፍሬምወርክ ይወሰድ እላለሁ፤ አዲስ የመጣ ሠራተኛም የስሞቹን ትርጉም ከታተመው መመሪያ ያገኛል። የእኔን ስሞች ትርጉም ግን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

የማኅበሩ ገጽ ዛሬ በእጅ በተጻፈ አጭር ፋይል ይሠራል። ማውጫውን አስተካክዬ ለጓደኛችን አስፈተንሁት፤ በየትእዛዙም አጠገብ ምን እንደሚሠራ በአማርኛ ጻፍሁ፤ በሚመጣው ዓመት ሥራውን የሚረከበው ተማሪ እኔን መፈለግ የለበትምና።