የመጀመሪያው ድፎ ዳቦ

ከመካከላችሁ ስንቶቻችሁ ድፎ ዳቦ በገዛ እጃችሁ ጋግራችሁ ታውቃላችሁ? ሙያችሁን ልፈትን ብዬ አይደለም። እኔ ራሴ የሁለት ልጆች እናት እስክሆን ድረስ ጋግሬ አላውቅም ነበር። ጠዋት ወደ ሥራ፣ ማታ ወደ ልጆች በምንሮጥበት የከተማ ኑሮ፣ ዳቦ ማለት ከሥራ ስንመለስ ከዳቦ ቤት ይዘነው የምንገባው ነገር ሆኗል። ይህ ነውር አይደለም። ጭንቀቱ የሚመጣው እንግዳ ቤት ገብቶ፣ «ይህች ልጅ ለመሆኑ ሙያ አላት?» የሚል ዐይን ያረፈብን እንደሆነ ነው።

እኔም ይህን ዐይን ፈርቼ ነበር። የባለቤቴ ወላጆች ለዘመን መለወጫ ከገጠር እንደሚመጡ በሰማሁ ጊዜ፣ ዳቦውን እኔው እጋግራለሁ ብዬ ተነሣሁ። በዋዜማው ከሥራ እንደ ገባሁ ዱቄቱን ነፋሁ፤ ቶሎ እንዲነሣልኝም እርሾውን በሚያቃጥል ውሃ በጠበጥኩት። ሊጡ ግን ኩፍ አላለም። ስለ መሸብኝ እንደዚያው ምጣድ ላይ አኖርኩት፤ እሳቱንም አበዛሁበት።

በበዓሉ ቀን ዳቦው ሲቀርብ ላዩ አምሮ ነበር። የባለቤቴ አባት ቆመው መረቁ፤ ቆረሱም። ቢላዋው ሊጥ ይዞ ወጣ። ቤቱ ጸጥ አለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዝምታውን የሰበሩት የባለቤቴ እናት ናቸው። «ልጄ፣ እጅሽስ ደህና ነው፤ የቸኮለው እሳቱ ነው» አሉኝ።

በማግሥቱ ማድቤት ጠርተውኝ እንደገና አብረን አቦካን። እርሳቸው የሚለኩት በእጃቸው ነው። እኔ ደግሞ ዱቄቱም ሆነ ውሃው ገበቴው ውስጥ ከመግባቱ በፊት እየሰፈርኩ በደብተሬ ጻፍኩ። የጻፍኩትም የሚከተለው ነው።

ለመካከለኛ ድፎ 1 ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 3 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይትና 600 ሚሊ ሊትር ያህል ለብ ያለ ውሃ ያስፈልጋል። የውሃውን ሙቀት ለሕፃን ወተት እንደምታደርጉት በክንዳችሁ ላይ ጠብ አድርጋችሁ ፈትኑት። እርሾ ሕይወት ያለው ነገር በመሆኑ የፈላ ውሃ ይገድለዋል። የእኔም ዳቦ የሞተው ገና ምጣድ ሳይነካ ነበር።

ሊጡን እስኪለሰልስ ድረስ 15 ደቂቃ ያህል እሹት። ከዚያም ሸፍናችሁ ሙቀት ባለበት ቦታ አስቀምጡት። በአንድ ሰዓት ወይም በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ እጥፍ ይሆናል፤ በክረምት ብርድ ግን ከዚህም ይዘገያል። ስለዚህ ሰዓቱን ሳይሆን ሊጡን ተመልከቱ።

የኮባውን ቅጠል አጥባችሁ፣ ወፍራሙን አጥንት አውጥታችሁ፣ እንዳይቀደድ በእሳት ለብ አድርጉት። ሊጡን በላዩ ዘርግታችሁ ግማሽ ሰዓት ካሳረፋችሁት በኋላ በሌላ ቅጠል ሸፍኑት። በምጣድ ከሆነ በመጠነኛ እሳት ከድናችሁ ጋግሩት፤ አንዱ ፊት ሲበስል ገልብጡት። በኤሌክትሪክ መጋገሪያ ከሆነ 180 ዲግሪ ላይ ከ50 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይበቃዋል። ኮባ ካጣችሁ ዘይት የተቀባ የመጋገሪያ ዕቃ ይተካዋል።

መብሰሉን ለማወቅ መካከሉን በቀጭን ስንጥር ውጉት፤ ስንጥሩ ደረቅ ሆኖ ከወጣ በስሏል። ሥሩን በጣት ስታንኳኩትም ባዶ ዕቃ እንደ መምታት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ቢሆንም ወዲያው አትቁረሱት። ትኩስ ዳቦ ውስጡ ገና ስላልረጋ ይለጠልጣል፤ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ቢያንስ አንድ ሰዓት አሳርፉት።

ያን ቀን ሊጡን ከእኔ ጋር ያሸው የ12 ዓመቱ ወንድ ልጄ ነው። ቅጠሉን ያጠበው ባለቤቴ ነው። አያቲቱ መጀመሪያ ሳቁ፤ ኋላ ግን ልጁን «ጠንከር አድርገህ ግፋው» እያሉ ያዙት ጀመር። አመሻሹ ላይ አባት እንደገና መርቀው ሲቆርሱ ቢላዋው ንጹሕ ሆኖ ወጣ።

እንግዲህ እህቶቼ፣ ሙያ ከሴት ልጅ ጋር አብሮ የሚወለድ ነገር አይደለም። የሚያስተምር ሰውና ጊዜ ያገኘ ሁሉ ይማረዋል። እናቶቻችሁ በእጃቸው የሚለኩትን፣ እነርሱ በሕይወት ሳሉ ጠይቃችሁ ጻፉት። የመጀመሪያውን ድፎ ደግሞ እንደ እኔ በበዓል ዋዜማ አትጀምሩት። እንግዳ በሌለበት ቅዳሜ፣ ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ ሞክሩት፤ ባይሳካ እንኳ የሚስቅባችሁ የራሳችሁ ቤተሰብ ብቻ ይሆናል።