ከመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ጀርባ የሚሰርግ ውኃን ምንጭ ስለመለየት

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ጠዳ፣ እንደ ሌሎች ከተሞች ሁሉ፣ በብሎኬት የተሠሩ ቤቶች የመታጠቢያ ቤት ግድግዳቸው ከጀርባ ሲረጥብና ቀለሙ ሲላጥ ሊታይ ይችላል። ብዙ ባለቤቶች በቅድሚያ የሚያደርጉት የሴራሚኩን መገጣጠሚያ በነጭ ሲሚንቶ እንደገና መድፈን ነው። ምንጩ ሳይታወቅ የሚደረግ ጥገና ግን ገንዘብ ከማባከኑም በላይ እርጥበቱን በግድግዳው ውስጥ አፍኖ ሊያስቀር ይችላል።

ሴራሚክ ውኃ ባያሳልፍም በመካከሉ ያለው የሲሚንቶ መሙያ ያሳልፋል። ግድግዳውን የሚጠብቀው ከሴራሚኩ በስተጀርባ የሚቀባው ውኃ መከላከያ ልባስ ነው። በተጨማሪም የሰረገው ውኃ በብሎኬቱ ባዶ ክፍተት ወደ ታች ስለሚወርድ፣ እርጥበት የታየበት ቦታ ውኃው የገባበት ላይሆን ይችላል።

እርጥበቱ ከመብራት ማብሪያ፣ ከሶኬት ወይም ከውኃ ማሞቂያ አጠገብ ከሆነ፣ ወይም ግድግዳው ሲነካ የሚነዝር ከሆነ፣ ከማናቸውም ፍተሻ በፊት ኤሌክትሪኩን ከዋናው ማቋረጥና ባለሙያ መጥራት ያስፈልጋል።

ፍተሻው ከቧንቧ ይጀምራል። የመስመር ውኃ ባለበት ሰዓት ቧንቧዎችና ወደ ሮቶ የሚወስደው ቫልቭ ተዘግተው ቆጣሪው ይነበባል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቁጥሩ ከጨመረ ከቆጣሪው ወዲህ የሚፈስ ቦታ አለ። ከሮቶ ወደ ሻወር ለሚመጣው መስመር ደግሞ ማታ ቧንቧዎችን ሁሉ ዘግቶ፣ በሮቶው ውስጥ ያለውን የውኃ ከፍታ ምልክት አድርጎ ጠዋት ማየት ይበቃል። ውኃ በፈረቃ በሚዳረስበት ሰፈር ሁለቱን ለይቶ መፈተሽ ግድ ነው። ሮቶው እየሞላ ሳለ የሚዞር ቆጣሪ ብቻውን ምንም አያስረዳም።

ከሻወሩ መክፈቻ በላይ ያለው ቧንቧ ግን ውኃ የሚያገኘው ሻወሩ ሲከፈት ብቻ ስለሆነ በእነዚህ ፍተሻዎች አይያዝም። ስለዚህ ሻወሩ ግድግዳውን ሳይነካ በቀጥታ ወደ ባልዲ እንዲወርድ ተደርጎ ጥቂት ደቂቃ ይከፈታል፤ የተጠራቀመውም ውኃ ለሌላ አገልግሎት ይውላል። የጀርባው ግድግዳ ከረጠበ ችግሩ እዚያው ቧንቧ ላይ ነው። ካልረጠበ የወለሉ ፍሳሽ መውረጃ ተደፍኖ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ውኃ ይተኛበትና ለሰዓታት ይጠበቃል። ሴራሚኩ ላይ ውኃ መርጨት የመጨረሻው ፍተሻ ነው፤ በየፍተሻው መካከል ግድግዳው እስኪደርቅ መታገሥ ያሻል። ሲንኳኳ ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ሴራሚክ ከልስኑ መልቀቁን ያመለክታል።

ከሰኔ ጀምሮ ታይቶ ክረምቱ ሲወጣ የሚደርቅ እርጥበት ግን በአብዛኛው ከጣሪያ ወይም ከውጭ ግድግዳ የሚመጣ ነው።

በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች የቧንቧው ወይም የፍሳሹ መስመር የጋራ ከሆነ ሴራሚክ ከማፍረስ በፊት ጉዳዩ ለሕንፃው የቤት ባለቤቶች ማኅበር መቅረብ አለበት። ከቆጣሪው በፊት የሚታይ ፍሳሽ ለከተማው ውኃና ፍሳሽ አገልግሎት ይመለከታል።