ጠብታ ሳይታይ የሚጎድለው የራዲያተር ውሃ

ተሽከርካሪው በቆመበት ሥፍራ መሬቱ ደረቅ ነው፤ ራዲያተሩ ግን በየሳምንቱ ይጎድላል። ይህ ችግር የሚገጥማቸው ባለንብረቶች በአመዛኙ ከሁለት አንዱን ያደርጋሉ። አንዳንዶቹ በፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ይዘው እየሞሉ ይጓዛሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ያለ በቂ ምርመራ የሞተሩን ቴስታ ያስፈታሉ። የመጀመሪያው ሞተሩን፣ ሁለተኛው ገንዘብን ይጎዳል።

በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ፣ በእጅ ያለውን መኪና በጥንቃቄ መያዝ የግድ ሆኗል። ከመቂና ከሞጆ ሽንኩርትና ቲማቲም ጭነው በአቃቂ ቃሊቲ በኩል ወደ አዲስ አበባ ለሚገቡ አምራቾችና ነጋዴዎች ጉዳዩ ከዚህም ይከብዳል። መኪናው ዳገት ላይ ሞቆ ከቆመ ቲማቲሙ ፀሐይ ላይ ይውላል፤ ሞተሩ ከተቃጠለ ደግሞ የአንድ የመኸር ወቅት ገቢ ለጥገና ሊውል ይችላል።

ምርመራው ከክዳኑ ቢጀመር ይመረጣል፤ ምክንያቱም የአካባቢው ከፍታ ነው። አቃቂ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ጤነኛ ሞተር የሚሠራበት ሙቀት ደግሞ 90 ዲግሪ ገደማ ነው። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ አምቆ የሚይዘው ግፊት ነው። በክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር የዚህን ግፊት መጠን ያመለክታል። ባለ 0.9 ክዳን ደኅና ከሆነ በአቃቂ ከፍታ ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ እስኪደርስ አይፈላም። የክዳኑ ጎማ ሲደርቅ ወይም ሞላው ሲደክም ግን ግፊቱ ያመልጣል፤ ሞተሩ ምንም ሳይታመም ውሃው ዳገት ላይ ፈልቶ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ቆላ ላይ ሳያስቸግር የቆየ ክዳን ደጋ ሲወጣ ጉድለቱ የሚጋለጠውም በዚህ የተነሣ ነው። አዲስ ክዳን ሲገዛ ቁጥሩ ከቀድሞው ጋር አንድ መሆን አለበት፤ ከፍ ያለ ቁጥር ያለው የተሻለ ነው ብሎ መግዛት ያረጁ ማኒኮቶዎችን ያፈነዳል።

ቀጣዩ ሥራ መለካት ነው። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ፣ መኪናው ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ሜዳ ላይ ቆሞ፣ በመጠባበቂያ ጎድጓዳው ላይ የውሃውን ልክ በምልክት መያዝና የኪሎ ሜትሩን ቁጥር መመዝገብ ያሻል። በሳምንት ምን ያህል እንደጎደለ ሳይታወቅ መካኒክ ዘንድ መሄድ መካኒኩን ለግምት መዳረግ ነው። ሞተሩ ትኩስ ሳለ ግን ክዳኑ ፈጽሞ አይከፈት፤ ግፊቱ በድንገት ሲለቀቅ ውሃው በቅጽበት ፈልቶ ፊትንና እጅን ያቃጥላል።

ትንሽ ፍሳሽ ትኩስ ብረት ላይ ሲያርፍ መሬት ሳይደርስ ይተናል፤ የሚቀረው ነጭ፣ አረንጓዴ ወይም ሮዝ ቅርፊት ነው። ይህ ቅርፊት በማኒኮቶ ማሰሪያዎች ሥር፣ በራዲያተሩ የፕላስቲክና የአልሙኒየም መጋጠሚያ እንዲሁም በውሃ ፓምፑ የታችኛው ቀዳዳ አካባቢ ይፈለግ። በመኪናው ውስጥ ጣፋጭ ሽታ መኖሩ፣ የፊት መስተዋት ያለ ምክንያት በላብ መሸፈኑና የምንጣፉ መርጠብ የማሞቂያውን ትንሽ ራዲያተር መፍሰስ ያመለክታሉ።

በዓይን ካልተገኘ፣ ቀዝቃዛውን ራዲያተር በእጅ ፓምፕ እስከ ክዳኑ ቁጥር ድረስ አየር ሞልቶ ጠቋሚውን መመልከት ነው። መርፌው ከወረደ በአንድ ቦታ ያመልጣል። ይህ ፍተሻ የሚፈጀው ደቂቃዎች ብቻ በመሆኑ ቴስታ ከመፈታቱ በፊት እንዲደረግ መጠየቅ የባለንብረቱ መብት ነው።

የቴስታ ጋርኒሲዮን የሚጠረጠረው ከዚህ በኋላ ነው። ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ የሚታይ ነጭ ጭስ በብርድ ጊዜ የተለመደ ነው፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካላቆመ ግን ውሃ ወደ ሲሊንደር እየገባ ሊሆን ይችላል። የሞተር ዘይቱ እንደ ማኪያቶ ከደፈረሰ መኪናው መነዳት የለበትም። በዘይት ክዳኑ ሥር ብቻ የሚታይ ጥቂት አረፋ ግን በክረምት አጭር ርቀት ብቻ በሚነዳ መኪና ላይ ከእርጥበት ሊመጣ ስለሚችል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። አስተማማኙ ፍተሻ ከራዲያተሩ አፍ የሚወጣውን አየር በሰማያዊ ፈሳሽ ውስጥ ማሳለፍ ነው፤ ፈሳሹ ወደ ቢጫ ከተለወጠ የተቃጠለ ጋዝ ወደ ውሃው ገብቷል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ጋርኒሲዮኑን መቀየር ብቻውን አይበቃም፤ ቴስታው መጣመም አለመጣመሙ ቶርኖ ቤት ተለክቶ መስተካከል አለበት። ይህን መዝለል ሥራውን ሁለት ጊዜ መክፈል ነው። በየመለዋወጫ መደብሩ የሚሸጠው መርጊያ ዱቄትም ቀዳዳውን ብቻ ሳይሆን የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ስለሚደፍን፣ እስከ ጋራዥ ለመድረስ ካልሆነ በቀር አይመከርም።

ከጥገናው በኋላ የሚሞላው ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል በእኩል ቢሆን ይመረጣል። በረዶ በሌለበት አገር ፀረ በረዶ ለምን ያስፈልጋል የሚሉ አሽከርካሪዎች አሉ፤ ፈሳሹ ግን ዝገትን ይከላከላል፣ የመፍላት ደረጃንም ከፍ ያደርጋል። የጉድጓድ ውሃ በያዘው ማዕድን ምክንያት በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚታየውን ዓይነት ቅርፊት ሞተር ውስጥ ይተዋል። ለትራክተርና ውሃ በራዲያተር ለሚጠቀም የመስኖ ሞተርም ይኸው ይሠራል።

ለአርብቶ አደሩና ለገበሬው አንድ ማሳሰቢያ አለ። በአብዛኛው ኩላንት ውስጥ የሚገኘው ኤቲሊን ግላይኮል ጣፋጭ ጣዕም ያለው መርዝ ነው፤ ውሻም ሆነ ጥጃ ቢልሰው ኩላሊቱ ተጎድቶ ይሞታል። ከራዲያተር የተቀዳው ፈሳሽ ግቢ ውስጥ ወይም ቦይ ላይ ሳይደፋ፣ ክዳን ባለው ጀሪካን ተይዞ ከልጆችና ከከብቶች ርቆ መቀመጥ ይኖርበታል።