ስለ ባሕር ሣር ጨፌና ስለ ሞገድ መርገብ፦ የስያሜ ሐሳብ

አንድ የሳይንስ ቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ ተርጓሚውን የሚፈትነው የአቻ ቃል መታጣት ብቻ ሳይሆን፣ ነገሩ ራሱ በአንባቢው ዓይን ያልታየ መሆኑ ጭምር ነው። ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ ስለሌላት፣ ከባሕር ወለል ላይ በቅለው ሞገድን ስለሚያዳክሙ ዕፀዋት በሚጻፍ ጽሑፍ ይህ ችግር ጎልቶ ይታያል። በመካነ ሰላም ለሚማር ተማሪ ነገሩን በምን ቃል እናስረዳው? መልሱ ከደጁ እንደማይርቅ ከዚህ ቀጥሎ ለማሳየት እንሞክራለን።

የባሕር ሣር የሚባሉት ከ60 የሚበልጡ ዝርያዎች ሥር፣ ቅጠልና አበባ ያላቸው ዕፀዋት ናቸው። ቀይ ባሕርን ጨምሮ፣ የፀሐይ ብርሃን በሚደርስበት ጥልቀት በሌለው የጠረፍ ውኃ ይበቅላሉ። እንደ ሰርዶ ሁሉ፣ በአሸዋው ውስጥ ተጋድሞ በሚሄድ ግንድ እየተያያዙ ሰፊ ስፍራ ይሸፍናሉ። ስለሆነም በእነርሱ ፈንታ «የባሕር አረም» ብሎ መተርጎም ስሕተት ነው፤ ይህ ስም የሚስማማው እውነተኛ ሥርና አበባ ለሌለው ለዋቅላሚ ወገን ነውና።

ሞገድ ወደ ጠረፍ ሲጠጋ ከገጹ በታች ያለው ውኃ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይመላለሳል። ይህ ውኃ በቅጠሎቹ መካከል ሲያልፍ ይፈተጋል፤ ከጉልበቱም ከፊሉ ወደ ትናንሽ ሽክርክሪት ተለውጦ ይባክናል። የሞገድ ጉልበት ቁመቱ በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው መጠን ስለሚለካ፣ ቁመቱ በግማሽ ሲቀንስ ጉልበቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ውጤቱ ግን በየቦታው አንድ አይደለም። ሣሩ በጠቀጠቀ፣ የሸፈነው ስፍራ በሰፋ፣ ቅጠሉም ከውኃው ጥልቀት አንጻር በረዘመ መጠን ይበረታል፤ ቅጠሉ ከውኃው ጋር አብሮ ሲያጎነብስ ደግሞ ይቀንሳል።

የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደገኛ ገበሬ የዚህን አምሳያ ያውቃል። አገሩ ወደ አባይና ወደ በሽሎ ሸለቆ የሚያዘቀዝቅ በመሆኑ የክረምት ጎርፍ አፈሩን ይጠርጋል። በማሳ ድንበር ላይ የተተወ ሣር ጎርፉን አያቆመውም፤ ፍጥነቱን ቀንሶ የተሸከመውን ደለል ያስጥለዋል እንጂ። ደለሉም ከዓመት ወደ ዓመት እየተቆለለ እርከን ይሆናል። ከደሴ በስተደቡብ በማይባር እ.ኤ.አ. በ1981 የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ የተቋቋመውም በዚሁ በአፈር መከላት ችግር ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ ማነጻጸሪያው ወሰን አለው። ጎርፍ አንድ አቅጣጫ ይዞ ይወርዳል፤ ሞገድ ይመላለሳል። በማሳ ላይ ከውኃው ከፊሉ ወደ አፈር ይሰርጋል፤ በባሕር የሚቀንሰው ግን ውኃው ሳይሆን ጉልበቱ ነው።

ከዚህ በመነሣት የሚከተሉትን ስያሜዎች እናቀርባለን።

ሀ) ሞገድ፦ «ማዕበል» የዐውሎ ነፋስን ቁጣ ስለሚያሳስብ፣ ለትንሹም ለትልቁም «ሞገድ» ይበልጣል።

ለ) ጨፌ፦ «መስክ» በፊዚክስ «መግነጢሳዊ መስክ» በሚለው ስያሜ ተይዟል። ስለ ሞገድ በሚናገር ጽሑፍ ውስጥ ሲገባ አንባቢን ያሳስታል። ከኦሮምኛ የተወረሰው «ጨፌ» ግን ውኃ አዘል የሣር ስፍራን ስለሚያመለክት ለነገሩ ይቀርባል።

ሐ) ማርገብ፦ «ማገድ» ፈጽሞ መከልከልን ያሰማል። አንባቢው ሣሩን እንደ ግድብ ቆጥሮ፣ ጠረፉ ከአደጋ ሁሉ የተጠበቀ ይመስለዋል። ነፋስ ረገበ እንደምንል ሁሉ፣ «ማርገብ» ቀስ በቀስ መቀነስን ብቻ ይናገራል።

እንግዲህ ፍቺው እንዲህ ይሆናል፦ «የሞገድ መርገብ — ሞገድ በባሕር ሣር ጨፌ ወይም በሌላ እንቅፋት ውስጥ ሲያልፍ የጉልበቱና የቁመቱ ደረጃ በደረጃ መቀነስ»። ከዚህ የተሻለ ቃል በአገሩ ሲነገር የሰማ አንባቢ ቢኖር፣ ቃሉን ከነአገባቡ ቢያደርሰን ደስ ይለናል።